ስታይል፣ ልማድና ውጤት፦ የኦንላይን ቼዝ ጨዋታን ከመዝገቡ ማንበብ

ኦንላይን ቼዝ የሚጫወት አማተር ስለ አጨዋወቱ ሲጠየቅ ወይ «አጥቂ ነኝ» ይላል፣ ወይ «ረጋ ብዬ ነው የምጫወተው» ይላል። ጨዋታዎቹ ተሰብስበው ሲታዩ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ይወጣል። አጥቂ የተባለው ንግሥቱን በ4ኛው እርምጃ አውጥቶ እስከ 12ኛው ድረስ ሲያሸሻት ይቆያል። ረጋ ያለው ደግሞ የ10 ደቂቃ ጨዋታ ተሸንፎ ሲወጣ ሰዓቱ ላይ 7 ደቂቃ ተርፎት ይገኛል። በአማተር ደረጃ ስታይል ብለን የምንጠራው ነገር ባብዛኛው ሲደጋገም የከረመ ልማድ ነው ብዬ አምናለሁ። ልማድ ደግሞ ይቆጠራል፤ የተቆጠረ ነገር ይታረማል። ከዚህ በታች ያለው አቆጣጠሩና ከቆጠራው በኋላ የሚሠራው ሥራ ነው።

የሚያስፈልጉት የመጨረሻዎቹ 50 ጨዋታዎች ናቸው፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት ሰዓት የተካሄዱ፣ ሁሉም ሬቲንግ (የተጫዋቹን አቅም የሚገልጸው ነጥብ) የሚቆጠርባቸው። ብሊትዝና ራፒድ፣ ማለትም ፈጣኑንና ረዘም ያለውን ጨዋታ፣ አትደባልቁ። በ3 ደቂቃ ጨዋታ ፈረስ ጥሎ መሄድ የጥድፊያ ጉዳይ ነው፤ በ15 ደቂቃ ጨዋታ ፈረስ ጥሎ መሄድ የማየት ጉዳይ ነው፤ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። የኦንላይን ቼዝ መድረኮቹ ሊቼስም ቼስ ዶት ኮምም የተጫወታችሁትን ሁሉ እያንዳንዱ እርምጃ ከወሰደው ጊዜ ጋር ያስቀምጣሉ፤ በፒጂኤን (የቼዝ ጨዋታ በጽሑፍ በሚቀመጥበት) ፋይል ማውረድም ይቻላል። ያሸነፋችሁትን አትዝለሉ። ብዙ ድል የሚገኘው ተጋጣሚ የእኛን ስህተት ሳያይ ስለሚያልፍ ነው፤ ያ ስህተት ከሽንፈቱ እኩል መመዝገብ አለበት።

ለእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ መስመር ይበቃል፦ የያዛችሁት ቀለም፣ የመጀመሪያዎቹ 4 እርምጃዎች፣ ጨዋታው የተገለበጠበት እርምጃ ቁጥር፣ በዚያች ቅጽበት በሁለታችሁ ሰዓት ላይ የቀረው ጊዜ፣ የተገለበጠበት ምክንያት፣ ጨዋታው ያለቀበት መንገድ። ምክንያቱን ከ6 ዓይነት አታስበልጡ። ጠባቂ የሌለው ጠጠር ተበላ፤ ፎርክ (አንድ ጠጠር ሁለቱን በአንዴ ሲያጠቃ) ወይም ፒን (ጠጠር ከኋላው ያለው እንዳይጋለጥ መንቀሳቀስ ሲያቅተው) አልታየም፤ ንጉሡ ላይ ጥቃት ደረሰ፤ መክፈቻ ላይ ወጥመድ ተገባ፤ ኤንድጌም (ጥቂት ጠጠር ሲቀር ያለው የጨዋታው መጨረሻ) ተበላሸ፤ ሰዓት አለቀ። «ሌላ» የሚል ዓምድ አታስገቡ፤ ካስገባችሁ ግማሹ ጨዋታ እዚያ ይከማችና ቆጠራው ምንም አይነግራችሁም።

ጨዋታው የተገለበጠበትን እርምጃ ለማግኘት የኢንጂኑን (ጨዋታ የሚመረምረውን ፕሮግራም) ግራፍ ተመልከቱ፤ እያንዳንዷን ጉብታ ግን አትቁጠሩ። ኢንጂን የሚሰጠው ቁጥር በወታደር ልክ ነው፤ +1 ማለት ነጭ የአንድ ወታደር ያህል ብልጫ አለው ማለት ነው። ሊቼስ ይህን ቁጥር ወደ ማሸነፍ ዕድል ሲቀይረው +1 ወደ 59 በመቶ፣ +3 ደግሞ ወደ 75 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ ከ+0.5 ወደ -0.3 መውረድ በእኛ ደረጃ ጨዋታ አይወስንም፤ ከ+0.5 ወደ -3 የወደቀበት እርምጃ ነው የሚመዘገበው። አንድ ፈረስ የበለጠ ሰው እንኳ ገና 75 በመቶ ላይ እንዳለ ልብ በሉ። «አሸንፌ ነበር» የሚባሉት ሽንፈቶች የሚመጡት ከዚህች ቀሪ 25 በመቶ ነው።

በጨዋታው መጨረሻ የሚታየውን የትክክለኛነት መቶኛ ግን ለዚህ ሥራ አትጠቀሙበት። ተጋጣሚ በ10ኛው እርምጃ ንግሥቱን ጥሎ እጁን ከሰጠ መቶኛው ከፍ ይላል፤ ለ60 እርምጃ በተወሳሰበ ቦታ የታገላችሁበት ጨዋታ ደግሞ ዝቅ ይላል። የሚለካው የጨዋታውን ቅለት ጭምር ነው።

ሠንጠረዡ ሲሞላ በመጀመሪያ መታየት ያለበት የሰዓት ዓምድ ነው፤ ብዙ ነገር የሚገለጠው እዚያ ነው። የ10 ደቂቃ ጨዋታ ጭማሪ ሰከንድ ከሌለው ለ40 እርምጃ ሲካፈል ለአንዱ 15 ሰከንድ ይደርሰዋል። ነገር ግን እኩል ማካፈል ትክክል አይደለም። ለመጀመሪያዎቹ 10 እርምጃዎች 1 ደቂቃ ተኩል፣ ከ11ኛው እስከ 30ኛው 6 ደቂቃ፣ ለቀሪው 2 ደቂቃ ተኩል ብትመድቡ በመካከሉ ለእያንዳንዱ እርምጃ 18 ሰከንድ ይኖራችኋል። ከእነዚህ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት እርምጃዎች 45 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይገባቸዋል፦ ንግሥት ሲቀየር፣ መሐል ያለው ወታደር ሲገፋ፣ ጠጠር መሥዋዕት ሲደረግ። እነዚህ ውሳኔዎች ወደ ኋላ አይመለሱም፤ ሌላው እርምጃ ብዙውን ጊዜ ይታረማል።

ሁለት ዓይነት በሽታ አለ። አንደኛው 8ኛው እርምጃ ላይ 2 ደቂቃ ሰጥቶ መጨረሻው ላይ በ10 ሰከንድ መሯሯጥ ነው። ይህ ሰው ሲሸነፍ ሰዓቱ ስለሚጮህበት ችግሩን ያውቀዋል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም አይታይም። እያንዳንዱን እርምጃ በ3 ሰከንድ የሚጫወት ሰው 22ኛው እርምጃ ላይ ሩኩን ሲጥል 9 ደቂቃ ገደማ ተርፎታል። ተጋጣሚው በፍጥነት ሲጫወት እሱም ይፈጥናል፤ የተጋጣሚውን ፍጥነት ሳያውቅ ይዋሳል። ሠንጠረዣችሁ ላይ ጨዋታው በተገለበጠበት ቅጽበት ከግማሽ በላይ ሰዓት የተረፈባቸው ሽንፈቶች ከበዙ፣ ሌላ ምንም ነገር ከማጥናታችሁ በፊት ይህን አስተካክሉ። የሚሠራው ዘዴ ቀላል ነው፦ ከ10ኛው እርምጃ በኋላ እጃችሁን ከማውዙ ወይም ከስክሪኑ ላይ አንሡ፤ እርምጃውን ከወሰናችሁ በኋላ ብቻ መልሱ። በጣት ጫፍ ላይ የተቀመጠ ጠጠር መሄዱ አይቀርም።

ጭማሪ ሰከንድ ያለው ሰዓት ምረጡ። 10 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ጭማሪ ጋር፣ ወይም 15 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ጋር ለመማር ይሻላል። የ15 ደቂቃው ከ10 ሰከንድ ጭማሪ ጋር ለ40 እርምጃ ሲሰላ 21 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው። ጭማሪ ሲኖር የተሸነፈ ቦታ የያዘ ተጋጣሚ በሰዓት ሊያመልጥ አይችልም፤ እናንተም ኤንድጌሙን በእውነት ትጫወቱታላችሁ። ሊቼስ የጨዋታውን ዓይነት የሚወስነው በዚሁ ስሌት ነው፦ መነሻ ሰዓቱ ላይ የጭማሪው 40 እጥፍ ይደመራል፤ ከ3 ደቂቃ በታች ቡሌት፣ ከ8 ደቂቃ በታች ብሊትዝ፣ ከ25 ደቂቃ በታች ራፒድ፣ ከዚያ በላይ ክላሲካል ይባላል። ቼስ ዶት ኮም ላይ ራፒድ የሚጀምረው ከ10 ደቂቃ ነው። ስለዚህ 5 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ጭማሪ ጋር አንዱ ላይ ራፒድ ሲሆን ሌላው ላይ ብሊትዝ ነው፤ የሁለቱን መድረክ ውጤት ስታነጻጽሩ አስታውሱት።

ቀጥሎ የሚመጣው ጠጠር መጣል ነው፤ በአብዛኛው አማተር ሠንጠረዥ ላይ ረጅሙ ዓምድ ይህ ይሆናል። «ተጠንቀቁ» ማለት አይጠቅምም፤ ጠጠር የሚጣልበት መንገድ በግልጽ ይታወቃልና። አንደኛ፣ ጠባቂው ሌላ ሥራ ሊሠራ ሄደ። ኤፍ3 (ፊደሉ የሰሌዳውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ይነግራል) ላይ ያለው ፈረስ ዲ4ን ሲጠብቅ ቆይቶ ለጥቃት ወደ ጂ5 ሲዘል ዲ4 ባዶውን ይቀራል። ሁለተኛ፣ ልውውጥ ተደርጎ መልሶ የበላው ጠጠር የቀድሞ ጥበቃውን ለቀቀ። ሦስተኛ፣ ከሩቅ በሰያፍ የሚመጣ ቢሾፕ ወይም ንግሥት አልታየም፤ በተለይ ወደ ኋላ ሲመለስ። ዓይናችን ጠጠር ወደ ፊት ሲሄድ ማየት ለምዷል፤ ወደ ኋላ የሚመለስ ንግሥት ግን ያመልጠዋል። አራተኛ፣ የራሳችን ወታደር ሲገፋ ከኋላው ያለው መስመር ተከፈተ።

ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት የሚጠየቁት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ተጋጣሚ ሲጫወት፦ የተንቀሳቀሰው ጠጠር አሁን ምን ነካ፣ ምንስ ለቀቀ? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ግን ነጻ ወታደርና ነጻ ጠጠር የሚገኝበት ነው። የራሳችሁን እርምጃ ከመረጣችሁ በኋላ ደግሞ፦ ይህን ብጫወት ተጋጣሚዬ የትኛውን ቼክ (ንጉሤን ማጥቃት) ሊሰጠኝ፣ የትኛውን ጠጠር ሊበላብኝ ይችላል? በዚህ ቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ ቼክ፣ ቀጥሎ መብላት። መጀመሪያ 15 ሰከንድ ይፈጃል፤ ጥቂት ሳምንት ከተሠራበት ግን ወደ 4 እና 5 ሰከንድ ይወርዳል። የሚከሽፈው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ነው፦ ተጫዋቹ ጥሩ እርምጃ ያገኘ ሲመስለው ጥያቄውን ይዘላል። ደስ ያለው እርምጃ ላይ ነው ማጣራቱ የሚያስፈልገው።

የፈረስ ፎርክ ለሚያጠቃቸው ሁለት ሕጎች ልስጥ። ፈረስ ሁልጊዜ የሚመታው ከቆመበት ተቃራኒ ቀለም ያለውን ቤት ነው። ስለዚህ ንጉሣችሁ፣ ንግሥታችሁና ሩኮቻችሁ በአንድ ቀለም ላይ ከተደረደሩ ፎርክ ይመጣል ብላችሁ ጠብቁ። ሁለተኛው፣ ከፈረስ ሁለት ቤት በሰያፍ የራቀ ንጉሥን ፈረሱ ቼክ ለማድረግ 3 እርምጃ ያስፈልገዋል፤ ሁለት ቤት በቀጥታ የራቀውን ግን በአንድ እርምጃ ቼክ ያደርገዋል። ሰዓት ሲያጥር ንጉሣችሁን በሰያፍ አርቁት።

የመጨረሻው ረድፍ ማትም፣ ማለትም ንጉሡ በራሱ ወታደሮች ታፍኖ ከቼክ ማምለጫ ሲያጣ፣ እንዲሁ ነው። ካስል አድርጋችሁ (ንጉሡንና ሩኩን በአንድ እርምጃ አዛውራችሁ) ሦስቱም ወታደሮች ከንጉሡ ፊት ሳይነኩ ከቆሙ፣ ሩኮቻችሁ ከረድፉ ከመውጣታቸው በፊት አንዱን ወታደር አንድ ቤት ግፉ፤ ለነጭ በአጭር በኩል ኤች3 ማለት ነው። ገና በ8ኛው እርምጃ ያለ ምክንያት መግፋቱ ግን ጊዜ ማባከን ነው፤ ትክክለኛው ሰዓት የሰሌዳው ዓምዶች ሲከፈቱ ነው።

አሁን ወደ ስታይል እንመለስ። አጥቂ ነኝ የሚል ሰው 12ኛው እርምጃ ላይ ጨዋታውን አቁሞ ሦስት ነገር ይቁጠር፦ ከ2 ፈረስና ከ2 ቢሾፕ ስንቱ ከመነሻ ረድፉ ወጥቷል? ካስል ተደርጓል ወይ? ንግሥቲቱ ስንት ጊዜ ተንቀሳቅሳለች? ከ3 ጠጠር በታች ወጥቶ ንግሥት 3 ጊዜ ከተንቀሳቀሰች ያ ጥቃት አይባልም፤ ተጋጣሚ እያባረራት የራሱን ጠጠሮች በነጻ እያወጣ ነው። እውነተኛ ጥቃት ሒሳብ አለው፦ ንጉሡ አካባቢ የሚያጠቁ ጠጠሮች ከሚከላከሉት መብለጥ አለባቸው። አማተሮች አብዝተው የሚወድዱትን ኤች7 ላይ ያለውን የቢሾፕ መሥዋዕት ውሰዱ። ቢሾፑ ዲ3 ላይ፣ ፈረሱ ኤፍ3 ላይ ሆኖ ወደ ጂ5 ለመዝለል ዝግጁ፣ ንግሥቲቱ ወደ ኤች5 መንገዷ ክፍት ሊሆን ይገባል። ከጥቁር በኩል ደግሞ ኤፍ6 ላይ ፈረስ መኖር የለበትም፤ ጂ5ን የሚይዝ ነገር ካለም መሥዋዕቱ እንደገና መሰላት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ንጉሡ ወደ ጂ8 ይመለሳል ብሎ ብቻ በማሰብ ነው። ንጉሡ ወደ ጂ6 ሲወጣ ምን እንደምትጫወቱ ካላሰላችሁ ቢሾፑን አትስጡ።

ሌላው ስታይል ቀያሪው ነው። ነገር ሲወሳሰብ ያገኘውን ሁሉ ይቀያይራል፤ ንግሥት ከ20ኛው እርምጃ በፊት ትወጣለች። በራሱ ክፋት የለውም፤ ግን ሠንጠረዡ ላይ ሁለት ነገር አስተያዩ፦ ንግሥት የተቀየረባቸው ጨዋታዎች ውጤትና ያልተቀየረባቸው ውጤት። ቀያሪ የሆነ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቀይረው ሲፈራ ነው፤ የሚፈራው ደግሞ ወደ ኋላ ሲቀር ነው። ወደ ኋላ ቀርቶ ጠጠር መቀየር ለተጋጣሚ ሥራ ማቃለል ነው። የሚመራ ጠጠር ይቀይራል፣ የሚመራበት ወታደር ይቀይራል፤ ወታደር ሲያልቅ አቻ ለመውጣት ይቀላል፣ ጠጠር ሲያልቅ ግን አንዲት ትርፍ ወታደር ንግሥት ትሆናለች።

መክፈቻ ላይ ረጅም አልሄድም። ለነጭ አንድ፣ ለጥቁር ሁለት ይበቃል፤ አንዱ ለኢ4፣ አንዱ ለዲ4። በየሳምንቱ የሚቀይር ሰው ከየመክፈቻው የሚወጣውን የወታደር አቀማመጥ ስለማይለምድ 9ኛው እርምጃ ላይ ሁልጊዜ እንግዳ ነው። ሁለት ወጥመድ ግን ከ1200 ሬቲንግ በታች ብዙ ጨዋታ ስለሚወስኑ ማወቅ ግድ ነው። ነጭ ኢ4፣ ጥቁር ኢ5፣ ከዚያ ነጭ ንግሥት ኤች5 ሲመጣ ወዲያው በጂ6 አታባርሯት፤ ኢ5ን በቼክ በልታ ኤች8 ላይ ያለውን ሩክ ትወስዳለች። መጀመሪያ ፈረስ ሲ6፤ ነጭ ቢሾፕ ሲ4 ሲያወጣ ያኔ ጂ6፤ ንግሥቲቱ ኤፍ3 ስትመለስ ፈረስ ኤፍ6። ቅደም ተከተሉ ነው የሚያድነው። ሁለተኛው የኢጣሊያ ጨዋታ ላይ ነው፦ ከኢ4 ኢ5 በኋላ ነጭ ፈረስ ኤፍ3፣ ጥቁር ፈረስ ሲ6፣ ነጭ ቢሾፕ ሲ4፣ ጥቁር ፈረስ ኤፍ6፣ ነጭ ፈረስ ጂ5። ጥቁር ዲ5 ይገፋል፣ ነጭ በወታደር ይበላል። እዚህ ላይ ዲ5ን በፈረስ መልሶ መብላት ኤፍ7 ላይ መሥዋዕት ያስከትልና ንጉሡ መሐል ሜዳ ይወጣል። የሚሻለው ፈረሱን ከሲ6 ወደ ኤ5 ወስዶ ቢሾፑን መንካት ነው፤ ወታደሩ ይጠፋል፣ ግን ጥቁር በምትኩ ጠጠሮቹን በፍጥነት ያወጣል።

ኤንድጌም ግን ጊዜ ይገባዋል፤ ለትንሽ ሥራ ብዙ ውጤት የሚከፍል እሱ ነው። በንግሥት ብቻ ማት ማድረግ ቢበዛ 10 እርምጃ፣ በሩክ ብቻ ቢበዛ 16 እርምጃ ይወስዳል፤ የ50 እርምጃ ሕግ (ያለ መብላትና ያለ ወታደር እርምጃ 50 ካለፈ አቻ ነው) ሰፊ ጊዜ ይሰጣችኋል። የሚያበላሸው ስቴልሜት ነው፤ ማለትም ባለ ተራው ቼክ ሳይሆን የሚጫወተው እርምጃ ሲያጣ። ንጉሥ ጥግ ላይ፣ ለምሳሌ ኤ8 ላይ ሆኖ ንግሥታችሁ ቢ6 ላይ ከቆመች፣ ማለትም በፈረስ ዝላይ ርቀት፣ ሌላ የሚያንቀሳቅሰው ነገር ከሌለ ጨዋታው አቻ ነው። ንግሥት ንጉሡን ወደ ዳር ስትነዳ የፈረስ ዝላይ ርቀት ትጠብቅ፤ ንጉሡ ጥግ ሲገባ ግን ንግሥቲቱ ትቁም፣ የእናንተ ንጉሥ ይምጣ። አራት ወታደር ሁሉ ንግሥት ካልሆኑ የማይረካ ሰው ብዙውን ጊዜ ስቴልሜት የሚሠራው በሦስተኛዋ ንግሥት ነው። ሁለት ንግሥት ካለ በተራ በተራ ረድፍ እየዘጉ መንዳት ይበቃል።

በንጉሥና በአንድ ወታደር፦ ንጉሣችሁ 6ኛው ረድፍ ላይ፣ ወታደሩ ከኋላው 5ኛው ረድፍ ላይ ካለ ተራው የማንም ቢሆን ያሸንፋል፤ ከኤ እና ከኤች ዓምድ ወታደር በስተቀር። የጠርዝ ወታደር ሲሆን ተከላካዩ ንጉሥ ጥጉ ከደረሰ አቻ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ወታደሩን አስቀድሞ ይገፋል፤ የሚያውቅ ንጉሡን ያስቀድማል። በሩክ ኤንድጌም ደግሞ ሉሴናና ፊሊዶር የሚባሉትን ሁለት ቦታዎች ብቻ ተለማመዱ። ሉሴና ሲያሸንፉ፣ ፊሊዶር ሲከላከሉ ነው። ፊሊዶር ላይ፦ ተጋጣሚ ወታደሩን እስኪገፋ ድረስ ሩካችሁ ከእናንተ በኩል 3ኛውን ረድፍ ይዞ ንጉሡን ያግዳል፤ ወታደሩ እዚያ ረድፍ ላይ እንደገባ ሩኩ ወደ ሩቁ ጫፍ ሄዶ ከኋላ ቼክ ይሰጣል። ሩኩን ቀድሞ ማንሣት ነው የሚያሸንፈው ለተጋጣሚ።

ውጤትን ማንበብ ለብቻው ትምህርት ነው። ሬቲንግ መነሻው የአርፓድ ኤሎ ስሌት ሲሆን ፊዴ (ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን) የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ ሊቼስ የሚጠቀመው ግሊኮ 2 የተባለውን ነው፣ አዲስ ሰው ከ1500 ይጀምራል፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ድረስም የጥያቄ ምልክት ይታይበታል። በኤሎ ስሌት በሬቲንግ 100 የሚበልጥ ተጫዋች ከ100 ነጥብ 64ቱን፣ 200 የሚበልጥ 76ቱን፣ 400 የሚበልጥ 91ዱን ይጠበቅበታል። ከሚበልጣችሁ ሰው ጋር 10 ጊዜ ተጫውታችሁ 3 ማሸነፍ እንግዲህ መጥፎ ውጤት ላይሆን ይችላል።

አሁን ዋናው ነገር፦ አቅም ሳይቀየር ሬቲንግ ስንት ይዋዥቃል? አንድ ጨዋታ 8 ነጥብ ያህል የሚያስገኝ ወይም የሚያሳጣ ከሆነ፣ ከእኩያችሁ ጋር በ20 ጨዋታ 70 ነጥብ መውጣት ወይም መውረድ ከዕድል ብቻ ሊመጣ ይችላል። ግማሽ በግማሽ የሚያሸንፍ ሰው በ50 ጨዋታ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ 5 ተከታታይ ሽንፈት የመግጠሙ ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። ስለዚህ ከ50ው 22 አሸንፎ 28 መሸነፍ «ወድቄአለሁ» አያሰኝም፤ በነጭ 12 በጥቁር 10 ማሸነፍም «ጥቁር አይሆንልኝም» አያሰኝም። ከ28ቱ ሽንፈት 14ቱ ጠባቂ የሌለው ጠጠር በመጣል ከሆነ ግን ያ ዕድል አይደለም። ከውጤቱ ይልቅ የምክንያቱን ዓምድ እመኑ።

ለጨዋታ ስለ መቀመጥ ልማድ፦ ሁለት ጊዜ በተከታታይ የተሸነፈ ሰው በዚያ ቀን ሬቲንግ የሚቆጠርበት ጨዋታ ያቁም። ሦስተኛው ጨዋታ የሚጫወተው ነጥብ ለማስመለስ ስለሆነ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ሠንጠረዣችሁ ላይ ከሁለት ሽንፈት በኋላ የተጀመሩትን ጨዋታዎች ለይታችሁ በአንድ እርምጃ የወሰዳችሁትን ሰከንድ ብታዩ ይህን ራሳችሁ ታረጋግጣላችሁ። ከዚያ ወደ ቡሌት መሸሽ የባሰ ነው። የሚከፋው እጁ ፍጥነቱን ይዞት መቅረቱ ነው።

በስልክ የምትጫወቱ እርምጃ ማረጋገጫውን ለረጅም ጨዋታዎች አብሩት፤ ጣት አንድ ቤት ተንሸራቶ የሚጠፋ ንግሥት ያማል። ፕሪሙቭ (ተራችሁ ሳይደርስ አስቀድሞ የሚታዘዝ እርምጃ) ሊቼስ ላይ ከሰዓት ምንም አይወስድም፣ ቼስ ዶት ኮም ላይ 0.1 ሰከንድ ይወስዳል፤ ስለዚህ በመጨረሻ ሰከንዶች ሕይወት ነው። ግን የሚገባው ተጋጣሚ ምንም ቢጫወት ጉዳት ለማያመጣ እርምጃ ነው። «መልሶ መብላቱ አይቀርም» ብሎ ፕሪሙቭ ያደረገ ሰው ተጋጣሚው ሳይበላ መሐል ላይ ቼክ ወይም ሌላ ማስፈራሪያ ሲያስገባ እጁ ታስሮ ያያል።

ጨዋታው ሲያልቅ ኢንጂን ከመክፈታችሁ በፊት ለ5 ደቂቃ ብቻችሁን ተመልከቱትና «የተበላሸው በዚህ እርምጃ ነው፣ ያሰብኩትም ይህን ነበር» ብላችሁ አንድ መስመር ጻፉ። ከዚያ ኢንጂኑን ክፈቱ። ኢንጂኑ የመረጠውን እርምጃ ማየት ብቻ አያስተምርም፤ እናንተ ልትጫወቱ ያሰባችሁትን አስገቡና እንዴት እንደሚያፈርሰው ተከተሉ። ያሰባችሁት ነገር የፈረሰበትን ምክንያት ስታዩ ነው የሚገባችሁ። ጨዋታ እየተካሄደ ኢንጂን መክፈት ግን ማጭበርበር ነው፤ በቀናት የሚለካ የደብዳቤ ጨዋታ ላይ እንኳ የመክፈቻ መጽሐፍ ይፈቀዳል እንጂ ኢንጂን አይፈቀድም። ተጋጣሚያችሁን ከጠረጠራችሁ ሪፖርት አድርጉና ቀጥሉ፤ ሲረጋገጥ ሁለቱም መድረኮች የጠፋውን ነጥብ የሚመልሱበት አሠራር አላቸው።

ፐዝል (በአንድ ቦታ ላይ ትክክለኛውን እርምጃ የማግኘት ጥያቄ) በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ የመጀመሪያውን እርምጃ ከመንካታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አስሉ። የፐዝል ሬቲንግ ከጨዋታው ሬቲንግ ብዙ ሲበልጥ ሰው ይገረማል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ፐዝል ላይ «እዚህ አንድ ነገር አለ» ተብሎ ተነግሯችኋል፤ ጨዋታ ላይ የሚናገር የለም። ልምምዱን ለመቀየር በተከላካይ በኩል ሆናችሁ ከራሳችሁ ሽንፈቶች ፐዝል ሥሩ፤ ጨዋታው ከመገለበጡ አንድ እርምጃ በፊት ያለውን ቦታ አስቀምጡና «ተጋጣሚዬ ምን ሊያደርግብኝ ነው?» ብላችሁ ፍቱት። ከ28 ሽንፈት 28 ፐዝል ይወጣል፤ ሁሉም በእናንተ ልክ የተሰፉ ናቸው።

ከዚያ በአንድ ጊዜ አንድ ዓምድ ብቻ ምረጡ፤ ረጅሙን። ለቀጣዮቹ 50 ጨዋታዎች ሰዓቱንም መክፈቻውንም ሳትቀይሩ በዚያ ላይ ብቻ ሥሩ፤ ሁለት ነገር አብራችሁ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ አታጥፉት፤ ሁለተኛው 50 ሲሞላ ከጎኑ አስቀምጡትና ያችን አንድ ቁጥር አስተያዩ፤ ሬቲንጋችሁ ገና ባይንቀሳቀስም ከ14 ወደ 9 ከወረደች በዚያው ቀጥሉ፤ ካልወረደች ደግሞ በሰዓት ዓምዱ ላይ እነዚያን ጨዋታዎች ብቻ ለይታችሁ በስንት ሰከንድ እንደተጫወታችኋቸው እዩ።